የክዳን ሱቃችን ስልክ ውስጥ ሲገባ

ሰኞ 4

ሱቁ ከተዘጋ ሳምንታት አለፉ። እማዬ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነን። እማዬ የሟች ባለቤቴ እናት ናቸው፤ ሲቆጡኝ ግን እኔኑ የወለዱኝ ነው የሚመስለው። ሐኪሙ በምርኩዝ ይራመዱ ብሏል። እሳቸው ደግሞ «ምርኩዝ ለአሮጊት ነው» ብለው ግድግዳ ላይ አስደግፈውታል። እኔም ከምርኩዙ ጎን ተደግፌ ቀርቻለሁ።

ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ መጣ። ያመጣው ትንሹ ነው፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው፤ እማዬ በልጅነቱ ትንሹ አሉት፣ በዚያው ቀረ። «እትዬ፣ ሱቁን እዚሁ ቤትሽ ላምጣልሽ» አለኝ። የኢንተርኔት ሱቅ ማለቱ ነው። ሰው የድስት ክዳኑን በስልኩ አይቶ ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ሞተረኛ ያደርስለታል። እኔ ከእማዬ አጠገብ ሳልነሳ እሸጣለሁ!

እንዴት ደስ እንዳለኝ። የምማረውን ሁሉ ልጽፍበት ብዬ ነው ይህን ደብተር የጀመርኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ደብተር ከዘጋሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ደረሰኝ ለመቁረጥ ብቻ ነው።

ረቡዕ 6

ትንሹ ሲያስረዳኝ ዋለ። የስልክ ዕቃ ነጋዴ ስለሆነ ይህን ነገር ያውቀዋል።

የኢንተርኔት ሱቅ ሶፍትዌር ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ተሠርቶ ያለቀ፣ በወር የሚከራይ። የገበያ ማዕከል ውስጥ ክፍል እንደ መከራየት ነው፤ መብራቱም ዘበኛውም የእነሱ፣ ያንቺ ሥራ መደርደር። ሁለተኛው በነፃ ይወርዳል፤ ግን የሚቀመጥበትን ቦታ ራስሽ ትከራያለሽ፣ ሲበላሽ ባለሙያ ራስሽ ትፈልጊያለሽ። ይኼ ደግሞ ቤት እንደ መሥራት ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የምትረጥቢው አንቺ ነሽ። ሦስተኛው ሱቅም አይባል። ማኅበራዊ ገጽ ላይ ፎቶ ለጥፎ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ማለት ነው። ትንሹ «እሱ ሱቅ በደረቴ ነው» ብሎ ሳቀበት።

«የቱ ይሻለናል ታዲያ?» አልኩት።

«አንቺ አትጨነቂ እትዬ፣ የመጀመሪያውን ከፍቼልሻለሁ።»

ለካ ከትናንት ወዲያ ከፍቶታል። «ሳንመርጥ?» አልኩ፤ በሆዴ ነው ያልኩት። ሰው ሊረዳኝ ሲለፋ እንከን ፍለጋ ምን አስኬደኝ። ወረት ነው እንዳይሉኝ እንጂ ሌሊቱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት።

እሑድ 10

ፎቶ። ፎቶ። ፎቶ። ትንሹ ክዳኖቹን ከሱቅ በካርቶን እያመጣ ነው፣ ለፎቶ። የድስት፣ የመጥበሻ፣ የማንቆርቆሪያ ክዳን፣ የፔርሙዝ ውታፍ፣ የላላ እጀታ መተኪያ። ዕቃ ቤቱ ሞላ፣ ኮሪደሩም። ክዳን ደግሞ ያበራል። እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ እኔ አለሁ፣ አፍንጫዬ ድንች አክሎ።

እማዬ ስልኩን አስጠግተው አዩና «ክዳን ነው የምትሸጪው መልክሽን?» አሉ።

«ሁለቱንም እማዬ።»

«ክዳኑ ይቅደም።»

ማክሰኞ 12

ሶፍትዌሩ ለአንድ ዕቃ ሦስት መለያ ብቻ ነው የሚፈቅደው። እኔ አራት አለኝ። ስፋቱ፣ ከምን እንደተሠራ፣ እጀታው፣ ከንፈሩ። ከንፈሩ ማለት ወደ ድስቱ ውስጥ የሚገባ ነው ወይስ ከላይ የሚጋልብ ማለት ነው። ይህን ያልጠየቀ ክዳን ሻጭ ጫማ በአንድ እግር እንደሚሸጥ ነው።

ትንሹን ጠየቅኩት። «አንዱን ተዪዋ እትዬ።»

ከንፈሩን ተውኩ። እጄ እንቢ እያለኝ።

ያወቅኩትን ልጻፍ፦ ሶፍትዌር ከመምረጥ በፊት የራስን ዕቃ ነው መቁጠር። ምን ምን ይለየዋል? ደንበኛ ሱቅ ገብታ መጀመሪያ ምን ትጠይቀኛለች? ያንን የማይጠይቅ ሶፍትዌር የእኛ አይደለም። እኛ ግን መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ያዝን፣ አሁን ዕቃውን እየቆረጥን እሱ ውስጥ እናስገባለን።

«እኛ» አልኩ። አልቆረጠም እሱ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ሐሙስ 14

ስም ስጪ ይላል፣ ለያንዳንዱ ክዳን። እኛ ሱቅ ክዳን በቁጥር ተጠርቶ አያውቅም። እማዬ ሱቁን ሲከፍቱ በቤተሰብ ነው የሰየሙት። አንድ ሰው የሚያበስልበት የትንሽ ድስት ክዳን «ላጤ» ነው። ቀጥሎ «ሙሽሮች»። ቀጥሎ «ሦስት ልጅ»። ከዚያ «አማት መጣች»። የመጨረሻው «ድግስ»። ዕድሜዬን እንዲህ ስል ኖሬ ሌላ ስም ከየት ላምጣ? እንደዚያው ጻፍኩት። ትንሹን ሳልጠብቅ «ለሕዝብ ክፈት» የሚለውን ነካሁ።

ቅዳሜ 16

ጉድ ፈላ!

ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አላሳርፍ አለኝ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ «ላጤ አላችሁ?» አለችኝ። አለን አልኳት። «ቁመቱ እንዴት ነው?» «ኧረ እሱ ጠፍጣፋ ነው» አልኳት። ከጀርባዋ የሳቅ ጎርፍ። ሁለተኛዋ «አማት መጣችን መመለስ ይቻላል ወይ?» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «የቤቴን አሮጌ ባመጣ በላጤ ትለውጪልኛለሽ?»

ገጹን ከፍቼ እንደ ባዕድ አነበብኩት። «ላጤ። ትንሽ የተጫረ፣ ግን አገልግሎቱን አያጓድልም። ሲያዙት በዕለቱ ይደርሳል። ካልተስማማዎት በሦስት ቀን ውስጥ ይመልሱት።» ሰው ይህን ፎቶ አንስቶ ለወዳጁ፣ ወዳጁም ለወዳጁ።

እማዬ ሲስቁ ዳሌያቸው አመማቸው፤ «አሳቂኝ እንጂ፣ በሳቅ ብሰበር ይሻላል» አሉ። የሳቀውም ያልሳቀውም ግን ገዛ። አመሻሹ ላይ ሞተረኛው ሁለቴ ተመላለሰ።

ትንሹ አልሳቀም። «አዋረድሽኝ እትዬ። ድርጅት ነው እኮ» አለና እዚያው ቆሞ ስሞቹን አጠፋቸው። አሁን «ክዳን 16»፣ «ክዳን 20» ይላሉ። ከሄደ በኋላ አንዱን ስም እንኳ ልመልስ ብዬ ብሞክር «ፈቃድ የለዎትም» አለኝ ስልኩ። በአክብሮት ነው፣ «የለዎትም» ነው ያለው።

ሰኞ 18

ዝም። አንድም ሰው አልደወለም።

ትንሹ ኮሪደር ላይ ከሰው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ክፍሉ በዚህ ሰሞን ነፃ ይሆናል። በሩ ሰፊ ነው፣ መስታወት ይገባለታል፣ መደርደሪያው ይነሳል።» አዲስ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው። ይቅናው። ለፍቶ አዳሪ ነው።

ሐሙስ 21

ከተሸጡት ውስጥ ብዙው እየተመለሰ ነው። ሰው ድስቱን ከውጭ ዳር እስከ ውጭ ዳር ይለካል፣ ክዳኑ ግን የሚቀመጠው ውስጥ ነው። ያንን መለያ እኮ ነው የተውኩት። ሱቅ ቢሆን ድስቷን ይዛ ትመጣለች፣ ክዳኑን ጣል አድርጌ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ከተስማማ ድፍን ያለ ድምፅ አለው፣ ካልተስማማ ይንቃጨላል። ሶፍትዌር ጆሮ የለውም። ቢያንስ ግን ደንበኛዋ የድስቷን አፍ ፎቶ አንስታ የምትልክበት ቦታ ቢኖረው! ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ የለም።

ከሰዓት ሰፊዋ እማዬን ልትጠይቅ መጣች። ከሱቃችን አጠገብ ልብስ የምትሰፋው ናት፣ አፏም እንደ ስፌት መኪናዋ አያርፍም። ደጅ ስሸኛት እንዲህ ሆነ፦

«አንቺዬ፣ ሱቁን ልትለቂ ነው እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። አናጢ መጥቶ ግድግዳውን ሲለካ አየሁ። መደርደሪያሽ ባዶውን ቀርቷል።»

«ለፎቶ ነው ክዳኖቹን ያመጣቸው።»

«ፎቷቸውን ከተነሱ አይመለሱም?»

ስለ ሶፍትዌሩ አወራኋት፣ ወሬ ለመለወጥ። ምን ምን እንዳለው ዘረዘርኩላት። ሰፊዋ ነጠላ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ስትገቢ ምን እንዳለው ጠየቅሽ፣ ጥሩ። ስትወጪስ ምን ይዘሽ ትወጫለሽ?»

የልብስ ሰፊ ጥያቄ ነው ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

እሑድ 24

እማዬ ሲያንቀላፉ ሶፍትዌሩን በረበርኩት። «የሱቁ ሰዎች» የሚል ቦታ አለ። «ባለቤት» በሚለው ሥር የትንሹ ስም። «ሠራተኛ» በሚለው ሥር የእኔ።

ሥራ መቼም ነውር አይደለም። ምናልባት አንድ ባለቤት ብቻ ይሆናል የሚፈቅደው፣ እንደዚያ እንደ መለያው። የተመዘገበውም በእሱ ስልክ ነው፣ በእሱ ባንክ ነው፣ የድረ ገጹም አድራሻ የተገዛው በእሱ ስም ነው። አጣድፎት ይሆናል። እኔ ብሆንም እንዲሁ አደርግ ነበር።

አላደርግም ነበር።

ረቡዕ 27

ወደ ሶፍትዌሩ ድርጅት ደወልኩ። ድምፀ መልካም ልጅ አነሳች።

«የደንበኞቼን ስምና ስልክ፣ የክዳኖቼንም ዝርዝር ባንድ ላይ አውጥቼ መያዝ እፈልጋለሁ» አልኳት።

«ይቻላል እናቴ። ባለቤቱ ይግቡና ‹አውርድ› የሚለውን ይንኩ።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

የኮምፒውተሯ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማል። «እዚህ… ሠራተኛ ነው የሚለው።»

«እሱ ይበል። ሱቁ የእኔና የአማቴ ነው። ክፍሉም የእሳቸው ነው።»

«ይገባኛል እናቴ። ግን ሲስተሙ የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። ባለቤቱ ይደውሉልን፣ እሺ?»

እሺ አልኳት። አመስግኜ ዘጋሁ። ደግሞ ምን አድርጋልኝ ነው ያመሰገንኳት!

ዓርብ 29

ትንሹ ዛሬ በግልጽ ነገረኝ። የሚቀጥለው ረቡዕ አይደለም ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረቡዕ አናጢ ይዞ ሱቁ ጋ ይሄዳል፣ ክፍሉ የስልክ መሸጫ ይሆናል።

«አሁን ሱቁ እዚህ ቤት ነው ያለው እትዬ፣ በእጅሽ ውስጥ። ክፍሉን ምን ታደርጊዋለሽ? እማን ትተሽ አትሄጂ። ማን ያያታል? እኔ እንዳልይዛት ሥራ አለብኝ።»

ክፋት የለውም ሲናገር። ብስኩት ይዞ ነው የመጣው። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ብስኩቱን ሳህን ላይ አደረግኩ። እሱ ዝምታዬን እሺ አድርጎ ይዞት ሄደ።

የእኔ ጥፋት ነው። እንዴት ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አለኝ እያልኩ ክዳኖቹን እኔው ነኝ ከካርቶን ያወጣሁት፣ እኔው ነኝ የወለወልኩት። አሁን ኮሪደሩ ላይ በጎን ነው የምራመደው። መስኮቱም በካርቶን ተሸፍኗል። ሱቅ ቢሆን ደጃፉ ላይ ሰው ያልፋል፣ ሰፊዋ ትሳደባለች፣ ድስት የያዘች ሴት ታማክረኛለች። እዚህ የማወራው ከስልክ ጋር ነው። እሱም ፈቃድ የለዎትም ይለኛል።

እሑድ 1

እማዬ ሰምተዋል። ዳሌያቸው እንጂ ጆሯቸው አልተሰበረም።

«አንቺ» አሉኝ ገንፎውን ሳበላቸው፣ «ያንን ሱቅ የሚወስደው በማን ምክንያት ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ እርስዎ ይዳኑ እንጂ…»

«በእኔ ነው አይደል? እሱ በእኔ አሳበበ፣ አንቺም በእኔ አሳበብሽ።»

«እኔ ደግሞ ምን አሳበብኩ?»

«እንቢ ላለማለት። ሰው ሁሉ እዚህ ቤት በዳሌዬ ያሳብባል።» ማንኪያውን ተቀበሉኝና ራሳቸው በሉ። ከዚያ ግድግዳውን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ያን እንጨት አምጪልኝ።»

እስከ በሩ ሄዱ። በላብ ተጠምቀው፣ ሐኪሙን እየሰደቡ፣ እኔን እየሰደቡ፣ ትንሹንም ሳይቀር። ግን ሄዱ።

ማክሰኞ 3

አሁን እኔው ልመርጥ ነው። ራሴ። የሦስት ድርጅት የሙከራ ጊዜ ከፈትኩ፣ ሁሉም ለጥቂት ቀን በነፃ ያስሞክራሉ። ከመክፈቴ በፊት ግን ደውዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ዋጋም ስለ ውበትም አይደለም። «ካልተስማማን ዕቃዬንና የደንበኞቼን ስም ይዤ እወጣለሁ ወይ?» አልኩ። አንዱ «ለምን ይወጣሉ እናቴ፣ ገና ሳይገቡ?» ብሎ ሳቀ። እሱን ተውኩት። ከሰርግ በፊት ስለ ፍቺ የማያወራ ሽማግሌ ሽማግሌ አይደለም።

የነፃውን፣ ራስሽ ጫኚውን አሰብኩበት። ያምራል፣ ሁሉ ነገር የራስ ነው። ግን አንድ ቀን ቢበላሽብኝ የምጠራው ትንሹን ነው። ተውኩት።

ዓርብ 6

አገኘሁ። በወር የሚከራይ ነው፣ እንደ በፊቱ። ነገር ግን መለያ እንዳሻሽ ይጨመራል፤ ከንፈሩን መለስኩት! ደንበኛዋ የድስቷን አፍ ፎቶ አንስታ ትልካለች። «ከሱቅ መጥቼ እወስዳለሁ» የሚል ምርጫም አለ፤ ያኛውም ነበረው ለካ፣ ትንሹ ዘግቶት ነው። በእኔ ስም፣ በእኔ ስልክ፣ በእኔ ባንክ ተመዘገብኩ። «የባለቤት ስም» ሲል ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዴ ተሳስቼ፣ አንዴ ደስ ብሎኝ።

ከአሮጌው የሚወጣ ነገር ስለሌለ ክዳኑን ሁሉ ከዜሮ እያስገባሁ ነው። ስሞቹን መለስኳቸው። እማዬ አልጋቸው ላይ ሆነው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ላጤ» ሥር ግን አሁን «የድስት ክዳን ነው» የሚል ጨመርኩ። እማዬ «አበላሸሽው» አሉ።

ሰኞ 9

መውሰጃ አድራሻ ጻፊ አለኝ።

ብዙ ሰዓት ሳልጽፍ ቆየሁ። የቤቱን ብጽፍ ሁሉም ነገር በሰላም ያልፋል። ትንሹ ክፍሉን ይወስዳል፣ ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ እኔም እዚሁ በካርቶን መሃል አረጃለሁ። የሱቁን ብጽፍ ለዓለም ሁሉ ቃል ገባሁ ማለት ነው። ከዚያ መክፈት ነው።

ከሰፊዋ ቀኝ በኩል፣ ሰማያዊ በር ብዬ ጻፍኩ። ከረቡዕ ጀምሮ፣ ከሰዓት።

ለትንሹ አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ 11፣ ማታ

ልጻፈው፣ ሳይቀዘቅዝ።

ጠዋት ታክሲ ጠራሁ። ካርቶኖቹን ከፊት፣ እማዬን ከኋላ። ሹፌሩ «ቤት ልትለቁ ነው እናቴ?» ሲላቸው «ልንገባ ነው» አሉት። ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ስትደረድርልን ዋለች፣ እንደ ወትሮዋ እየተሳደበች። እማዬን በሩ ላይ፣ ልክ መሃል ላይ፣ ወንበር አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

ትንሹ አናጢውን ይዞ መጣ። ወንበሩን አየ። ደረቀ።

«እማ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ክዳን እሸጣለሁ።»

«በዚህ ዳሌሽ?»

«ክዳን በዳሌ አይሸጥም።»

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ተስማምተን አልነበረም እንዴ?»

«አልተስማማንም» አልኩት። «አንተ ተናገርክ፣ እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለፈራሁህ ነው እንጂ ስለተስማማሁ አይደለም። ሱቁን አልለቅም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሊቆጣ ነው ስል ድምፁ ዝቅ አለ። «እሺ እማን ማን ያያታል?»

እማዬ እሱን አላስጨረሱትም። «መንገደኛው ሁሉ እያየኝ አይደል? አልጋ ላይ ግን ጣሪያ ብቻ ነው የሚያየኝ።»

አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፣ ምስኪን። «እኔ ልለካ ወይስ ልሂድ?» አለ።

«ከመጣህስ» አሉት እማዬ፣ «ያን መደርደሪያ አጥብቅልኝ፣ ይንገዳገዳል።»

አጠበቀላቸው። ትንሹ እናቱን ተነሺ ሊላቸው አይችል ነገር፣ ተሻግሮም ሊገባ አይችል ነገር፣ ደጃፉ ላይ እንደ ተማሪ ቆመ። በግራ ያለውን አንዱን ግድግዳ ለስልክ ዕቃው ልስጥህ አልኩት። ከልቤ ነው። መልስ ሳይሰጠኝ ሄደ። የእማዬን ግንባር ግን ስሞ ነው የሄደው፣ የእኔን ሰላምታ ረስቶ።

አሸነፍኩ አልልም። ወንድሜ ነበር።

ዓርብ 13፣ ከሱቅ

ትንሹ የመጀመሪያውን የኢንተርኔት ሱቅ ዘጋው። የደንበኞቹ ስልክ እዚያው ውስጥ ቀረ፣ እነዚያ በላጤ የሳቁት ሁሉ። አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልሰጠኝም። በአዲሱ ከትናንት ወዲህ የመጣው ትእዛዝ ጥቂት ነው። እማዬን ከሰዓት ይዤያቸው እመጣለሁ፣ ሲደክማቸው ዘግቼ ይዤያቸው እመለሳለሁ። ዝናብ ሲጥል አንመጣም፤ ዛሬም ደመናው ጠቁሯል። ከግራ ያለውን ግድግዳ ባዶውን ትቼለታለሁ። ሰፊዋ «ሞኝ» ትለኛለች።

እማዬ በሩ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ያስቆማሉ። አሁን አንዲት ወጣት ጆሮዋ ላይ ስልክ ለጥፋ ስታልፍ በምርኩዛቸው መንገዷን ዘጉባት።

«አንቺ ልጅ፣ ድስትሽ ክዳን አለው?»

ልጅቷ ደነገጠች። «አለው እናቴ።»

«ይገጥማል?»

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ገባች።